ከላይ ያለው በኋላ የመጣ ነው

አንድ የባዛልት ንጣፍ ከግርጌው እስከ አናቱ ሲታይ ሦስት መልክ አለው። ግርጌው ሻካራና ስብርባሪ የበዛበት ነው። ቀልጦ የመጣው ዐለት ቀዝቃዛውን መሬት ሲነካ ቶሎ ደርቆ ተሰባብሯል፤ ከኋላው የመጣውም በዚያው ፍርስራሽ ላይ ተጎትቶ አልፏል። መሃሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከባድ፣ በመዶሻ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ነው። ግንበኛ የሚፈልገው ጥቁር ድንጋይ ይኸኛው ነው። አናቱ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። በቀለጠው ዐለት ውስጥ የነበረው ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ ፊቱ ረግቶበት እዚያው ቀርቷል፤ እንጀራ ምጣድ ላይ ዐይን የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ከገደል ተገንጥሎ የወደቀ ቋጥኝ ተገልብጦ ቢገኝ እንኳ የትኛው ጎኑ ወደ ሰማይ ዞሮ እንደነበረ ቀዳዳው ከበዛበት ወገን ይታወቃል።

ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው እነዚህን ንጣፎች መንገዱ በቆረጣቸው ገደሎች ላይ ያገኛቸዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። በሁለቱ መካከል መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲጠማዘዝ ከፍታው ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ይጨምራል። አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዐይኑ ወደ ገደሉ ወገን ይሄዳል። መታየት ያለበት ግን የተቆረጠው ወገን ነው።

በንጣፍና በንጣፍ መካከል አንዳንድ ቦታ ቀይ መስመር አለ። ውፍረቱ ጥቂት ጣት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ቦታ ሜትር ይደርሳል። ይህ አፈር ነው። የታችኛው ንጣፍ ከቀዘቀዘ በኋላ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት፣ ፊቱ ደቅቆ፣ ብረቱ ዝጎ አፈር ሆነ። ከዚያ ሌላ ቅልጥ ዐለት መጣና ሸፈነው። አፈሩን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ከላይ በኩል ያለው ክፍል ከሥሩ ካለው ይልቅ የጠነከረና ቀለሙ የጠቆረ ነው፤ የላይኛው ንጣፍ ሙቀት ጠብሶታል። ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይላላል። ቀዩ መስመር ቀጭን ነው፤ የያዘው ጊዜ ግን ከላይና ከታች ያሉት ወፍራም ንጣፎች ከያዙት ይበልጣል። አሥር ሜትር ላቫ በቀናት ወይም በወራት ሊፈስ፣ በዓመታት ሊቀዘቅዝ ይችላል። አንድ ክንድ አፈር በዚያ ፍጥነት አይሠራም።

ጥቅጥቁ መሃል ሲቀዘቅዝ ይጨማደዳል፤ ሲጨማደድ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከላይኛውና ከታችኛው ፊት ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል። በደንብ የቀዘቀዘ እንደሆነ ዐለቱ አምስትና ስድስት ጎን ባላቸው ምሰሶዎች ይከፈላል። ምሰሶው ሁልጊዜ ሙቀቱ ወደወጣበት ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ንጣፉ አግድም ከተኛ ምሰሶው ይቆማል፤ ንጣፉ ሸለቆ ሞልቶ ከሆነ ከጎን ከጎን ያሉት ምሰሶዎች ያጋድላሉ። የንጣፉ ውፍረት እጥፍ ቢሆን የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ድንጋይ ጠራቢ ይህን ሒሳብ ሳይጽፈው ያውቀዋል፤ መሮውን የሚያሳርፈው ዐለቱ ራሱ በከፈተው መስመር ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ቀዳዳዎቹን የሞላው ነገር ነው። ትኩስ ውኃ በዐለቱ ውስጥ ሲዘዋወር የሟሟውን ማዕድን በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ እያራገፈ ይሄዳል። ነጭ ዜኦላይት አለ፤ በመርፌ መልክ ከግድግዳው ወደ መሃል ያድጋል። ካልሳይት አለ፤ በጥፍር ሳይሆን በቢላ ይጫራል። ካልሴዶኒ አለ፤ እሱን ቢላም አይጭረውም። አንዳንዱ ቀዳዳ እስከ ግማሹ ብቻ ይሞላል፤ በዚያን ጊዜ ካልሴዶኒው እንደ ረጋ ውኃ ጠፍጣፋ ፊት ያበጃል። ያ ፊት ሲረጋ አግድም ነበር። ዛሬ ዘንበል ብሎ ከተገኘ ዐለቱ በሙሉ ከዚያ በኋላ ዘንብሏል ማለት ነው። የአንድ ተራራ መዘንበል ጣት በማይሞላ ቀዳዳ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ንጣፍ በንጣፍ ወደ ቀድሞ ዘመን እየወረደ ነው ማለት አይደለም። የኮምቦልቻ ሜዳ የሰመጠ መሬት ነው። የከፍተኛው አገር ጠርዝ ወደ አፋር ዝቅታ ሲሰበር ረጃጅም ስንጥቆች ተከፈቱ፤ በስንጥቆቹ መካከል ያለው ዐለት ሸርተት ብሎ ወረደ፤ በላዩም የቦርከናና የገባሮቹ ደለል ተከመረ። ቦርከና ከደሴ ተነሥቶ ዶሮ መዝለያን አልፎ ወደዚህ ሜዳ ይገባል። ስለዚህ ከላይ የታየ ንጣፍ ከታች እንደገና ሊገኝ ይችላል፤ ያው ንጣፍ ነው፣ ከወንድሙ ተለይቶ የወረደ። ከፍታ ብቻ አይቶ ዕድሜ የሚቆጥር ሰው እዚህ ይስታል። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መከተል ግድ ነው።

ይህን ሁሉ ማንበብ ከጥንት የነበረ ዕውቀት አይደለም። በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ኢብን ሲና ስለ ተራሮች ሲጽፍ አንዳንዶቹ በንብርብር የተሠሩ መሆናቸውን፣ ንብርብሩም በረጅም ዘመን አንዱ ባንዱ ላይ መከመሩን አስተውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1669 ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ ፍሎረንስ ላይ ባሳተመው አጭር መጽሐፍ ነገሩን ሕግ አደረገው። ንብርብር ሲጣል አግድም ይጣላል፤ ከላይ ያለው ከታች ካለው በኋላ የመጣ ነው። ስቴኖ ሐኪም ነበር፤ የሻርክ ጭንቅላት ቀዶ ጥርሱን ሲያይ ከድንጋይ ውስጥ ከሚገኙት ጥርስ መሰል ነገሮች ጋር አንድ መሆኑን አወቀ፤ ከዚያ ተነሥቶ ነው ንብርብሩን የመረመረው። ሕጉ ልጅ የሚረዳው ነው። ሥራው ያለው በየመጋጠሚያው ላይ ቆሞ ማመልከቱ ላይ ነው።

ባዛልት ራሱ ብዙ አከራክሯል። በሳክሶኒ የፍራይበርግ የማዕድን ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው አብርሃም ቬርነር ባዛልት ከጥንታዊ ባሕር የረጋ ዝቃጭ ነው ይል ነበር። ተማሪዎቹ ከአውሮፓ ዙሪያ ይመጡ ስለነበር ሐሳቡ በየአገሩ ተበተነ። ፈረንሳዊው ኒኮላ ደማሬ ግን በኦቨርኝ ተራሮች የባዛልቱን ንጣፍ እግር በእግር ተከትሎ እስከ እሳተ ገሞራው አፍ ደረሰ። ጄምስ ሆል ደግሞ በኤዲንብራ ባዛልት ወስዶ በብረት ማቅለጫ ምድጃ አቀለጠው። ቶሎ ሲያቀዘቅዘው ጥቁር ብርጭቆ ሆነ። ቀስ አድርጎ ሲያቀዘቅዘው ማዕድኑ ተመልሶ ዐለት መሰለ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1798 ለኤዲንብራ ማኅበር አነበበ። ከዚህ ሙከራ የምወደው ቀላልነቱን ነው፤ ድንጋይ፣ ምድጃና ትዕግሥት ብቻ ነው የጠየቀው።

አሁን ወደ መቅደላ እንሂድ። ከደሴ በአየር ቢለካ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አገሩ በአንድ ቀን ታሪክ የታወቀ ነው። ለጂኦሎጂ ሰዎች ግን መቅደላ የዐለት መደብ ስም ነው፤ ስሙም እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ባደረጉት ዘመቻ የተገኘ ነው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ የምድር ዕድሜ በሦስት የተለያዩ መንገዶች ይቆጠር ነበር። ሦስቱንም ጎን ለጎን ማየት ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ጾምና በዓል የሚገኝበት የቤተ ክርስቲያን ቁጥር። በዚያ ዓመት በወሎ የሚኖር አንድ የቁጥር መምህር የዓለምን ዕድሜ ቢጠየቅ አይቸገርም። 5500 ዓመተ ፍዳ፣ 1860 ዓመተ ምሕረት፤ ድምሩ 7360 ዓመተ ዓለም። ለ19 ሲያካፍለው 7 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ይተዋል፤ ወንበር 6። ስድስት ጊዜ 11፣ 66፤ በሠላሳ ሲገደፍ 6፤ ይህ አበቅቴ ነው። ስድስት ጊዜ 19፣ 114፤ በሠላሳ ሲገደፍ 24፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ናቸው። በየትኛውም ዓመት 30 ናቸው፤ 11 እና 19 ሠላሳ ስለሚሞሉ። አንዱን የሳተ ሰው በሌላው ይታረማል። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም ላይ ይውላል። መስከረም 1 ረቡዕ ስለባተ መስከረም 24 ዓርብ ነው። የዓርብ ተውሳክ፣ በላዩ የሚደመረው ቁጥር፣ 2 ነው። 24 እና 2፣ 26፤ መባጃ ሐመር። ጾመ ነነዌ ጥር 26 ሰኞ ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 26 እና 9፣ 35፤ ሠላሳው ሲገደፍ 5። ትንሣኤ ሚያዝያ 5 ዋለ። የእንግሊዝ ሠራዊትና የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር የተዋጉበት የእሮጌ ጦርነት የተደረገው በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ነበር። በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

ይህ ቁጥር ጨረቃን፣ ፀሐይንና የሳምንቱን ቀን አንድ ላይ የሚያስር መሣሪያ ነው። 19 ዓመት የጨረቃና የፀሐይ መገናኛ ነው፤ 28 ዓመት የዕለትና የዘመነ ወንጌላዊ መገናኛ ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 532፣ ዐቢይ ቀመር። በ532 ዓመት ሁሉም ወደ መነሻው ይመለሳል። 5500ው ግን የመጣው ከሰማይ ቁጥር አይደለም፤ በመጽሐፍ ከተጻፈው የአበው ዕድሜ ተደምሮ ነው። በአየርላንድ ጳጳሱ ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1650 ከዕብራይስጡ ደምሮ 4004 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲያገኝ፣ 5500ው፣ የእስክንድርያው ቁጥር፣ ከግሪኩ ትርጉም ስለተደመረ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በለጠ። በተለያዩት ቅጂዎች ውስጥ አበው ልጅ የወለዱበት ዕድሜ ይለያያል። መሣሪያው ግን የተሠራው ጾምና በዓል ለማግኘት ነው፤ ለዚያ ሥራ ዛሬም አይስትም።

ሁለተኛው ቁጥር ከግላስጎው ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1868፣ በእኛ የካቲት 20 ቀን 1860፣ የእንግሊዝ ሠራዊት ገና ትግራይ ውስጥ ሳለ፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በግላስጎው የጂኦሎጂ ማኅበር ፊት ስለ ምድር ዘመን ንግግር አደረገ። ሐሳቡ ይህ ነው። ምድር ቀልጣ ነበረች። ማዕድን ቆፋሪዎች በጥልቀት ሙቀት ምን ያህል እንደሚጨምር ለክተዋል። ዐለት ሙቀት የሚያስተላልፍበት ፍጥነት ይታወቃል። ከዚህ ተነሥቶ ቅዝቃዜው የጀመረበት ጊዜ ይሰላል። መልሱ አንድ መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ፤ ኋላ ላይ እያጠበበ እስከ ሃያና አርባ ሚሊዮን አወረደው። ስሌቱ ንጹሕ ነበር። መነሻው ግን ምድርን ከውስጥ እንደማይንቀሳቀስ ጠጣር ነገር ቆጥሯት ነበር። የራሱ የቀድሞ ረዳት ጆን ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1895 ይህን አሳየው፤ ውስጡ ሙቀት በተሻለ የሚያስተላልፍ ከሆነ ዕድሜው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ኬልቪን አልተመለሰም።

ሦስተኛው ሰው ቁጥር አልሰጠም። ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1832 ለንደን ተወለደ፤ እዚያው በማዕድን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያ ወደ ፍራይበርግ፣ ወደ ቬርነር አሮጌ ትምህርት ቤት፣ ሄዶ ተጨማሪ ተማረ። ቬርነር ከሞተ ቆይቶ ነበር፤ የባሕሩ ባዛልትም አብሮት ተቀብሯል። እ.ኤ.አ. ከ1855 ጀምሮ በሕንድ የጂኦሎጂ ጥናት ሠራ፤ በዚያም የዴካንን ግዙፍ የባዛልት ንጣፎች ዐወቀ። ዘመቻው ሲነሣ ከሠራዊቱ ጋር ተላከ። ሠራዊቱ ከመቅደላ መጽሐፍና ታቦት ዘርፎ እንደወጣ የሚታወቅ ነው። እሱ ድንጋይ፣ ወፍና የእንስሳ ቆዳ ሰበሰበ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1870 በአንድ መጽሐፍ አሳተመ።

የብላንፎርድ የዐለት ቅደም ተከተል የጉዞ መስመር ነው። ከዙላ ባሕር ዳርቻ ወደ ከፍታው ሲወጡ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ጥንታዊ ዐለት አለ፤ ይህ መሠረቱ ነው። ከላዩ የአሸዋ ድንጋይ፤ ስሙን ከዓዲግራት ሰጠው። ከዚያ የኖራ ድንጋይ፤ ከአንታሎ። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲጓዙ ባዛልት፤ ከአሸንጌ ሐይቅ። በመጨረሻ የላይኛው ባዛልትና ነጣ ያለ ዐለት ተፈራርቆ፤ ከመቅደላ። ሠራዊቱ በሄደ ቁጥር ዐለቱ ወጣት ይሆን ነበር። እንዲህ የሚገጥም መንገድ ለጂኦሎጂ ሰው በቀላሉ አይገኝም። የአንታሎው ኖራ ድንጋይ ቅሪተ አካል ስለነበረበት ብላንፎርድ ዘመኑን ከአውሮፓ የጁራሲክ ንብርብር ጋር አስተካከለው። ባዛልቱ ከዚያ በላይ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው እስከዚህ ነው።

በጣም ጥሩው ሥራው ግን ባዛልቱን ለሁለት መክፈሉ ነው። ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ከአሸንጌ እስከ መቅደላ ያለው ሁሉ አንድ ጥቁር ደረጃ ነው። ብላንፎርድ ሁለት ነገር አየ። አንደኛ፣ በታችኛው ክምር ውስጥ የነጣው ዐለት የለም፤ በላይኛው ውስጥ ከባዛልቱ ጋር እየተፈራረቀ ይገኛል። እሱ ትራካይት ያለውን ዛሬ በአብዛኛው ራዮላይትና ኢግኒምብራይት ይሉታል፤ ኢግኒምብራይት የእሳተ ገሞራ አመድ በትኩሱ ወርዶ የተጣበቀ ዐለት ነው። ሁለተኛ፣ የታችኛው ንጣፎች ዘንበል ብለዋል፤ የላይኛዎቹ አግድም ናቸው። አግድሙ በዘንባላው ላይ ከተኛ፣ ታችኛው ከተጣለ በኋላ ዘንብሎ፣ ፊቱ ተሸርሽሮ፣ ከዚያ ነው ላይኛው የመጣው። አሸንጌና መቅደላ ብሎ የከፈላቸው በዚህ መጋጠሚያ ነው። ቀለምን ምልክት አላደረገም፤ ቀለም ያታልላል፤ አንዱ ባዛልት በአንድ ገደል ጥቁር፣ በሌላው በዝናብ ብዛት ቡናማ ነው። ዝንባሌና ዐይነት ግን አይለወጡም።

ለዚህ ፍርድ ጥሩ ገደል ያስፈልገው ነበር፤ አገሩ ሰጠው። ከዋድላ ወደ ደላንታ ለመሻገር ጅዳን፣ ከደላንታ ወደ መቅደላ ለመሻገር በሽሎን መውረድና መውጣት ግድ ነው። የበሽሎ ገደል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። በእነዚህ ገደሎች ላይ መንገድ ያወጡት ራሳቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ለማሳለፍ ዐለቱን እየፈለጡ፣ ተዳፋቱን እየደለደሉ ከደብረ ታቦር መጡ። የእንግሊዝ ሠራዊት በዚያው መንገድ ወረደ። ንጉሡ ለመድፍ የቆረጡት ገደል ለዐለት አንባቢ አዲስ የተከፈተ ገጽ ሆነ። ይህን ሁለቱም ወገን አላሰቡትም።

ቁጥሩ የመጣው ዘግይቶ ነው። ራዲዮአክቲቪቲ እ.ኤ.አ. በ1896 ተገኘ። ክሌር ፓተርሰን በሰማይ ወለድ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን እርሳስ ለክቶ የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ያለው በ1956 ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ.። ለወሎ ባዛልት የሚስማማው ግን ሌላ ሰዓት ነው፤ ፖታሲየምና አርጎን። ፖታሲየም 40 ግማሹ ለመበስበስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ከሚበሰብሰው ከዘጠኝ አንዱ ያህል አርጎን ጋዝ ይሆናል። ዐለቱ ቅልጥ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲረጋ እዚያው ይታሰራል። ሰዓቱ ከዜሮ የሚጀምረው በዚያች ቅጽበት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከንጣፉ መሃል፣ ዝናብ ካልነካው ክፍል፣ ድንጋይ ይወሰዳል። አንዱ ቁራጭ ይቆረጥና መስተዋት ላይ ተጣብቆ በዱቄት ይሞረዳል፤ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ብርሃን ያሳልፋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፌልድስፓሩ በሁለት ማጣሪያ መካከል ግራጫና ነጭ ከሆነ ውፍረቱ ልክ ነው፤ ቢጫ ካሳየ ገና ወፍራም ነው። ማዕድኑ ያልተበላሸ መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ነው። ሌላው ቁራጭ ይደቅቃል፤ በወንፊት ይነፋል፤ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀማሉ። ከነጣው ዐለት የሚለቀመው ሳኒዲን የተባለ ፌልድስፓር ነው፤ ፖታሲየም አለው። ፍሬዎቹ በኑክሌር ማብላያ ውስጥ ይቆያሉ፤ ከፖታሲየሙ የተወሰነው ወደ አርጎን 39 ይለወጣል። እንዲህ ከሆነ ልጁ አርጎንም አባቱ ፖታሲየምም እንደ ጋዝ ከአንድ ፍሬ ላይ በአንድ ጊዜ ይለካሉ። ከዚያ ፍሬው በደረጃ ይሞቃል። ጠርዙ ጋዝ አምልጦበት ከነበረ የመጀመሪያው ደረጃ ወጣት ዕድሜ ይሰጣል፤ ቀጣዮቹ ደረጃዎች ግን እርስ በርስ ከተስማሙ ዕድሜው ይታመናል። ካልተስማሙ ናሙናው ይጣላል። ደረጃዎቹ እንዲገጥሙ መጠበቁ ከባሕረ ሐሳቡ የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ጋር አንድ ጠባይ አለው፤ ስሕተቱን ራሱ የሚያጋልጥ አሠራር ነው።

ሆፍማን፣ ኩርቲዮ፣ ፌሮና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነዚህም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር ላይ ያሳተሙት ሥራ ናሙናውን የወሰደው ከሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ ሊማሊሞ፣ ሌላው ወገል ጤና። ወገል ጤና የደላንታ ከተማ ናት፤ ብላንፎርድ ከሠራዊቱ ጋር ያለፈበት ከፍታ። መልሱ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አብዛኛው ክምር በአንድ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ተጠናቋል። ክምሩ ሁለት ሺህ ሜትር ቢሆን አማካዩ በዓመት ሁለት ሚሊ ሜትር ይመጣል። እንዲህ ያለ አማካይ ግን አንድም ዓመት አልታየም፤ አሥር ሜትር በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፣ ከዚያ ለብዙ ሺህ ዓመት ዝናብ ብቻ ነው። ቀዩ መስመር የሚሠራው በዚህ መሃል ነው።

የኬልቪን ቁጥር ወድቋል። 7360ው ለታቀደለት ሥራ ይሠራል፤ ዐለቱን ግን አይመለከትም። የብላንፎርድ ቅደም ተከተል ስሙ በየጊዜው ቢከፋፈልም፣ የኋለኞቹ ካርታዎች አይባ፣ አላጄ፣ ጣርማ በር የሚሉ መደቦች ቢጨምሩበትም፣ ከላይ ያለው ከላይ፣ ከታች ያለው ከታች እንደሆነ ነው። ለእኔ የብላንፎርድ የተሻለው ብልሃት የማያውቀውን ቁጥር አለመሙላቱ ነው።

በዚያው በደላንታ፣ በ2000 ዓ.ም. ግድም፣ ሌላ ዐይነት አንባቢዎች መጡ። በባዛልትና በኢግኒምብራይት ክምር ውስጥ አንድ ንብርብር ኦፓል ይዞ ተገኘ። ክምሩ በጠቅላላው ከሦስት ሺህ ሜትር ይበልጣል፤ ኦፓል ያለበት ንብርብር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር አይሞላም። ኢግኒምብራይቱ በከፊል ወደ ሸክላማነት ሲለወጥ የተለቀቀው ሲሊካ በስንጥቆችና በክፍተቶች ውስጥ ረግቶ ነው ኦፓል የሆነው። የወገል ጤና ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ውስጡ በጣም ጥቃቅን የሆኑ ክብ የሲሊካ ፍሬዎች በረድፍ ተደርድረው በመካከላቸው ባዶ ቦታ አለ። ውኃ ሲገባ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ድንጋዩ ጥርት ይላል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ገዢ ደረቅ አድርጎ መግዛት አለበት።

ቆፋሪዎቹ ከገደሉ ፊት ጀምረው አግድም ይገባሉ። የሚከተሉት ያችኑ ቀጭን ንብርብር ነው፤ ከፍ ቢሉ ጠንካራው ዐለት ነው፣ ዝቅ ቢሉ ባዶ ነው። ዋሻው ሲጠልቅ ከላይ ያለው ኢግኒምብራይት ራሱን ይሸከማል፤ ስንጥቅ ካገኘ ግን ይወርዳል፣ በዚህም ሰው ሞቷል። ልምድ ያለው ሰው መቆፈሪያውን ከማሳረፉ በፊት ጣራውን በእጁ እየዳበሰ ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድ ያያል።